የሐሙስ ምሳ

ሚሲዮናዊ ሲባል ሰው ቶሎ ብሎ የሚያስበው ፈረንጅ ነው፤ ላንድክሩዘር፣ ሰፊ ባርኔጣና ቢጫ ጸጉር ያላቸው ልጆች። እኛ ግን ከወላይታ ሶዶ ተነስተን፣ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድረን፣ በአውቶቡስ ደሴ የገባን ሚሲዮናውያን ነን። ይዘነው የመጣነው አንድ ፍራሽ፣ ሦስት ሻንጣ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጅና ገና ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ስትሸኘን አንድ ሽማግሌ «ወደ ውጭ አገር እንደምትሄዱ ቁጠሩት» ብለውን ነበር። በሆዴ ሳቅሁባቸው። ደሴ ገብቼ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ጉሙ ውስጥ ስቆም ግን ሽማግሌው ልክ እንደነበሩ ገባኝ። ድንበር አልተሻገርንም፤ ነገር ግን ብርዱ ሌላ፣ ሰላምታው ሌላ፣ የእኔ አማርኛ እንኳ ለሰዉ ሌላ ነበር። ባለሱቁ ስኳር ስጠይቀው «እህት፣ ከየት ነሽ?» ይለኛል። መልሴን ሰምቶ ስኳሩን ይመዝንልኝና አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ይተያያል።

ከመምጣታችን በፊት ሥልጠና ወስደን ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቻችሁን ጠብቁ። ወላጅን የሚያሸንፉት በልጁ በኩል ነው፣ በፍቅርና በምግብ ነው የሚመጡት ተባልን። እናቴም ስትሸኘኝ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ነው የሳመችኝ። እኔ ደግሞ ከድሮም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ቲማቲም ስገዛ ከሥር ያለውን ሳላይ አልገዛም። ባሌ ሰው አማኝ ነው። «አንቺማ መንግሥተ ሰማይ በር ላይ ብትደርሺም ውስጥ ማን እንዳለ ሳታጣሪ አትገቢም» እያለ ይቀልድብኛል።

ሰዉም ይጠረጥረን ነበር፤ አልፈርድበትም። ጦርነቱ ካለፈ ብዙ አልቆየም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ጸጉረ ልውጥ የሆነ ሁሉ ሁለቴ ይታያል። በዚያ ላይ ጴንጤ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሩን ልጆች ሰብስቤ መዝሙር ሳስተምር ብስኩት እሰጣቸው ነበርና «ጴንጤ ልጅ በብስኩት ይወስዳል» ተባለ። ይህን ስሰማ በጣም ተናደድኩ። ሕፃን ልጅ በሆዱ በኩል ማጥመድ የማን ሥራ ነው ብዬ ባሌ ላይ ጮህኩበት፤ እሱ የተናገረው ነገር ያለ ይመስል።

የተከራየነው ቤት ሆጤ የሚባል የደሴ ሠፈር ውስጥ ነበር። ግቢው የአንዲት ሙስሊም ባልቴት ነው፤ እኛም እንደ ሠፈሩ ሰው እማማ እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ኮቴያቸው አለመሰማቱን ራሱ አልወደድኩትም። አብራቸው የምትኖር የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ አለቻቸው። የልጅቱ እናት ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሄዳ ከቀረች አምስት ዓመቷ ነው። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እማማ ስልኩን ለልጅቱ ይሰጡና፣ ድምፁ እንዳይሰማቸው ነው መሰለኝ፣ ራቅ ብለው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ።

ልጄና ያቺ ልጅ በሳምንቱ አንድ ሆኑ። አንዷን የጠራ ሁለቱንም ያገኛል። እኔ ግን ልጄ እነሱ በር ላይ በቆመች ቁጥር አንገቴ ይረዝማል።

ሐሙስ ሐሙስ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። እዚያ አንዲት እህት ቤት የሚሰበሰቡ ጥቂት አማኞች ነበሩ፤ ባሌ ያስተምራል፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር እጸልያለሁ። ትንሹን አዝዬው እወርዳለሁ። ትልቋ ግን አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ከትምህርት ቤት የምትለቀቀው እኩለ ቀን ላይ ነው። እሷን የምተውለት ዘመድ የለኝም። ሁለት ሐሙስ ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ይዣት ወረድኩ፤ መምህሯ ተቆጣችኝ። ይህን የሰሙት እማማ አንድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ።

«ምን ያንከራትታታል ልጅቱን? እኔ ጋ ትዋላ! ከልጄ ጋር ምሳዋን ትበላለች። አብሽሪ!»

አብሽሪ አይዞሽ ማለት ነው። ያኔ አላውቀውም ነበርና ቃሉም አስጠረጠረኝ። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ» ብዬ እሺ አልኩ።

የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ፍሬን ያስባል፤ እኔ ስለ ልጄ ምሳ አስባለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሙስሊም አይበላም። ወሎ ውስጥ ሰዉ ይጋባል፣ ይዋለዳል፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ያለቅሳል፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ወደየራሱ ሥጋ ቤት ይሄዳል። የሌላውን ሥጋ የበላ ሃይማኖቱን እንደለወጠ ይቆጠራል። እኔ እንደ ጴንጤነቴ ይህ ሊያስጨንቀኝ አይገባም ነበር። ምግብ ሰውን አያረክስም ብዬ ለሌላው አስተምራለሁ። የገዛ ልጄ አፍ ሲሆን ግን ትምህርቴ ሁሉ ጠፋኝ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ያዝኳት።

«ምን በላሽ?»

«ሥጋ ወጥ።»

«አንቺና እሷ አብራችሁ?»

«አይ። የእኔ ለብቻዬ ነው። እሷ ከእማማ ጋር ሌላ ትበላለች። የእኔን ለማንም አይሰጡም።»

የገዛ የልጅ ልጃቸውን ትተው ለእኔ ልጅ ለብቻዋ ወጥ የሚያቀርቡ ሴት ምን ፈልገው ነው? እናት ለልጇ ያልሰጠችውን ለባዳ ልጅ የምትሰጥ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ወጥመድ ነው አልኩ፤ ሥልጠናው ላይ የተባለው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነኝ። አንድ ሐሙስ ልጄ መዳፏን ሒና ተቀብታ ጠበቀችኝ። በሳሙናና በቃጫ ፈተግኳት፤ ሒና መቼ ይለቃል፣ እጇ ብቻ ቀላ። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

«ሒና እኮ ነው» አለ ባሌ።

«ላንተ ሁሉም ነገር ‹እኮ ነው›» አልኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ ወንድሟ አሻንጉሊቷን ሲወስድባት «ወላሂ እመታሃለሁ!» አለችው። ሐሙስ ሐሙስ ከኮምቦልቻ ስመለስ ምርመራ ጀመርኩ። ቢስሚላህ በይ አሉሽ? ስገጂ አሉሽ? ስምሽን ሌላ ብለው ጠሩሽ? ልጄ አንድ ቀን ሰለቻትና «እማማ የሚሉኝ ‹እንደ እናትሽ ጸልዪና ብዪ› ነው» አለችኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋል። እኔ ግን ብልጠታቸው ገረመኝ። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት አልኩ፤ ኮቴ የሌላቸው ሴት።

እማማን ለምን በቀጥታ አልጠየቅኋቸውም? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ቢቀየሙኝ ቤቱንም ሐሙስንም አጣለሁ ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ጥርጣሬዬን ወድጄው ነበር። ተልእኳችን ብዙም ፍሬ አላየም፣ ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች ቀንሰዋል፤ የሚያጠምደኝ ሰው ካለ እኔም የምጠመድ ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ ሐረጎ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ ተባለና ከመናኸሪያ ተመለስን። ባሌ ሰው ሊጠይቅ ሄደ። እኔ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሠፈር በኩል አልፌ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ገባሁና፣ ለእማማ ልጄ ዛሬ እኔው ጋ ትበላለች ብዬ፣ ወጥ ሠራሁ። እኩለ ቀን ላይ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች፤ የእማማም የልጅ ልጅ ተከትላት ገባች። እንደ ቤቷ እጇን ታጥባ ትሪው አጠገብ ቁጭ አለች። ወጡን ሳወጣ አየችውና ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ሥጋው የኛ ነው?»

የወሎ ልጅ በሰባት ዓመቱ ይህን ያውቃል፤ ሳይጠይቅ አይጎርስም። እኔም መልሱን አውቃለሁ። ጭልፋው በእጄ እንዳለ ቆምኩ። «አይደለም የኔ እናት፣ ላንቺ ሽሮ ልሥራልሽ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር።

«ብዪ፣ ምንም አይደለም» አልኳት።

የጓደኛዋ እናት ነኝና አመነችኝ። በላች። ጣፈጣት መሰለኝ ትሪውን በእንጀራ ጠርጋ ጠርጋ በላች። እኔ ስታኝክ እያየኋት ለራሴ ስብከት እሰብካለሁ፦ ምግብ ምግብ ነው፣ ወንጌል ነፃ አውጥቶናል፣ ይህች ልጅ ምን ሆነች? ከስብከቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። ልጄን አብልተውብኛል፣ እኔም አበላሁባቸው። በቀል ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። በሰባት ዓመት ሕፃን ላይ የተወጣሁትን በቀል ከዚህ የተሻለ ስም ልሰጠው አልችልም።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማማን እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ቆረጥኩ። ባሌን አሞኛል ብዬ ለብቻው ሰደድኩት። እማማ ሄደች እንዲሉ ትንሹን አዝዬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ጠዋት ከግቢ ወጣሁ። ገበያ ለገበያ ስዞር ቆይቼ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ በባጃጅ ተመለስኩና የግቢውን በር ሳላንኳኳ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖር ጎረቤት አለችን፤ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ኦርቶዶክስ፣ ቅዳሴ የማይቀርባት። በአጥሩ ክፍተት በኩል ስትገባ ደረስኩ። የተከደነች ትንሽ ድስት በጨርቅ ይዛለች። እማማ በራቸው ላይ እጃቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር።

«አንቺው አውጪላት፣ የኔ ጭልፋ እንዳይገባበት» አሏት።

ጎረቤቴ ዞር ስትል አየችኝ። «ውይ! ኮምቦልቻ አልወረድሽም እንዴ?»

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አልኳት። ድምፄ የፖሊስ ድምፅ ነበር።

«የልጅሽ ምሳ ነዋ! ሐሙስ ሐሙስ እኔ አይደለሁ የምሠራላት? ከኛው ሥጋ ቤት ገዝቼ፣ በኔው ድስት። እማማ አልነገሩሽም?»

እማማ ምን የሚነገር ነገር አለ በሚል ዓይን ነው ያዩኝ። «የኔ ልጅ ሥጋ እየበላች ያንቺን ሽሮ ላብላት? ዓይን አላት እኮ። የኛን እንዳልሰጣት አማና ናት። እናቷ በሌለችበት እምነቷን ባስታት፣ ነገ አላህ ፊት የሚጠየቀው ማነው?»

አማና አደራ ነው፤ ይህን እንኳ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በእማማ ትከሻ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና እየጸለየች ነበር። ጓደኛዋ ከራሷ ሳህን ፊት ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ወጥ፣ አንድ ምንጣፍ።

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። የወጣኝ ቃል «መኪና አጣሁ» የሚል ነው። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያፈርኩትን ማፈር ልናገረው አልችልም፤ ልጄ ጡት ብሎ ሲያለቅስ እንኳ አልሰማሁትም።

ባሌ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማብላቴንም። ሰው አማኙ ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለ። «በብስኩት ስንባል የነበርነው አሁን በሥጋ ልንባል ነው። ነገ ሆጤ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ኮምቦልቻ። እነዚያ ሰዎች በኛ የተነሳ መሰብሰቢያ ያጣሉ።»

ልክ ነበር። ስለዚህ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በእነዚያ ሦስት ቀናት እማማ በግቢው ባለፉ ቁጥር ተደበቅሁ። በአራተኛው ቀን ልጆቹ ሲጫወቱ ቆይተው ገቡና የእማማ የልጅ ልጅ ማጀቱን አየት አድርጋ «ዛሬ ያ ወጥ የለም?» አለችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ።

ኅሊናዬ ነው ያስነሳኝ ማለት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጅቱ ዛሬ ካልተናገረች ነገ እንደምትናገር ስለገባኝም ፈርቼ ነው የሄድኩት። እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ እንጂ አልተቀመጥኩም።

«እማማ፣ በድዬዎታለሁ። መንገዱ የተዘጋ ሐሙስ ልጅዎ እኛ ቤት ሥጋ በልታለች። ከክርስቲያን ሥጋ ቤት የተገዛ ነው።»

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ሳታውቂ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«አልጠየቀችሽም?»

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ብዪ አልኳት።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ በቀስታ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ጎረቤት ይጠራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰፌዱን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መሬት ላይ አደረጉ።

«ለምን?» አሉኝ።

«ልጄን የናንተን የሚያበሉብኝ መስሎኝ ነው።»

«ብትጠይቂኝስ?»

አጎነበስኩ።

«ልጅቱ ላይ ወንጀል የለም፣ ሕፃን ናት» አሉ። ኃጢአት የለባትም ማለታቸው ነው። «ወንጀሉ ያንቺ ነው። የኔም ነው፤ አንቺን ያመንኩ እኔ ነኝ። እኔን ያስጨነቀኝ እናቷ ናት። በሰው አገር ስትንከራተት ልጄን ጠብቂልኝ ብላኝ ነው። ዓርብ ስትደውል ምን ልበላት?»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ቤቱን እንልቀቅ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልቀቂ አልወጣኝም። ተነሺ በይ፣ አውፍ ብዬሻለሁ» አሉ፤ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነው። «ለማንም አልናገርብሽም። ሐሙስም ልጅሽን እንዳታስቀሪብኝ።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ሠፈሩ ምንም አልሰማም። ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርጄ ስመለስ ጎረቤቴ ድስቷን ይዛ በአጥሩ በኩል ወደ ቤቷ ስትሻገር አየኋት። ልጄ ምሳዋን በልታ ከጓደኛዋ ጋር እኛ ደጃፍ ላይ ቃጤ ትጫወታለች። ከኮምቦልቻ ትኩስ ዳቦ ይዤ ነበር። ዳቦ ብቻ፣ ምንም የሌለበት። ለሁለት ቆረስኩና ዘረጋሁላቸው። ልጄ ወሰደች። ጓደኛዋ ሁለት እጇን ወደ ጀርባዋ አደረገች።

«እናንተ ቤት እንዳልበላ እማማ ነግራኛለች» አለች። ለምን እንደሆነ አልተነገራትም፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

ልጄ ዳቦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ። «እኔ እነሱ ቤት እበላ የለ? እሷ ለምን እኛ ቤት አትበላም?»

«እኔ ስላጠፋሁ ነው።»

«ይቅርታ አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«እማማ እንቢ አሉ?»

«አላሉም። ይቅር ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን አትበላም?»

ሁለቱም መልሴን ይጠብቁ ነበር። የተረፈውን ግማሽ ዳቦ እንደያዝኩ ወደ ቤት ገባሁ።